ፓርክ ስንሄድ ምሳ ዕቃው ይቅደም



ዒድ በመጣ ቁጥር፣ በተለይም በማግስቱ፣ ፋርማሲ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ልጆቹን ፓርክ ልንወስዳቸው ነው፤ መሽከርከሪያው ላይ ሲወጡ ያስመልሳቸዋልና የሚከለክል ሽሮፕ ስጪን» ይላሉ ወላጆች። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ጤነኛ ልጅ ለመጫወት ብሎ መድኃኒት መዋጥ አለበት ብዬ አላምንም። ሆዱን የሚረብሸው መሽከርከሪያው ብቻ አይደለምና። ከመሽከርከሪያው በፊት ያበላነውና ያጠጣነውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ይህ ደግሞ በእጃችን ያለ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ፣ በፈሳሽ የተሞላ ረቂቅ አካል አለ። ልጁ ሲዞር ይህ አካል «እየተንቀሳቀስን ነው» ብሎ ለአንጎል ይናገራል። ዓይኑ ግን የፊቱን ወንበር ጀርባ ብቻ ስለሚያይ «ቁጭ ብለናል» ይላል። ሁለቱ መልእክቶች ሲጋጩ ልጁ ያልበዋል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ከዚያም ያስመልሰዋል። በሽታ አይደለም። ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበረታል፤ ሲያድጉ ብዙዎቹን ይተዋቸዋል። ልብ በሉ፣ ችግሩ ፓርኩ በር ላይ አይጀምርም። ከአየር ጤና ወይም ከኮተቤ ተነስቶ ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ በስልክ ጌም ሲጫወት የመጣ ልጅ ገና ሳይገባ ግማሹን መንገድ ሄዶታል። ስልኩን ተቀበሉት፤ በመስኮት ራቅ አድርጎ እንዲያይ አድርጉት።

ወደ መድኃኒቱ ስንመለስ፣ ማስመለስን ለማቆም ከሚጠየቁት አንዱ ፕሮሜታዚን ነው። ይህ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም፤ አተነፋፈስን እስከ ማቆም የሚደርስ አደጋ አለው። ከዚያ በላይ ላሉትም ቢሆን ያስተኛል። እስኪ አስቡት፤ ሁለት እጁን አጥብቆ ብረቱን መያዝ ያለበትን ልጅ አፍዝዘን ከፍታ ላይ ማውጣት ምን ይባላል? ሌላው በብዙዎች ዘንድ «ፕላሲል» እየተባለ የሚታወቀው ሜቶክሎፕራማይድ ነው። እርሱ ደግሞ በመጓዝና በመሽከርከር ለሚመጣ ማቅለሽለሽ አይረዳም፤ በአንጻሩ በልጆች ላይ አንገትን የሚያጣምም፣ ዓይንን ወደ ላይ የሚሰቅል የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል። ለታላቅ ወንድሙ ታዝዞ የተረፈውን ሽሮፕ በማንኪያ ገምቶ ለታናሹ መስጠት የሚባለውን ነገር እባካችሁ እንተወው። የልጅ መድኃኒት የሚለካው በክብደቱ ነው።

አሁን የዒዱን ቀን እንመልከት። ልጁ ከፈጅር ጀምሮ ነቅቷል፣ ሌሊቱንም በደስታ በደንብ አልተኛም። ከዒድ ሰላት መልስ በየቤቱ ሙሸበክ፣ ሐላዋና ብስኩት ቀምሷል፤ ከሥጋው ጋር ለስላሳ ጠጥቷል። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ዒዲያ አለ። ፓርክ ሲደርስ በራሱ ብር ጥጥ የሚመስለውን ሮዝ ከረሜላ ይገዛል፣ ቺፕስ ይጨምራል፣ ከዚያ መሽከርከሪያ ላይ ይወጣል። ሆድን በሦስት የመክፈሉን ነገር ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ለልጆቻችን ሲሆን ግን ሦስቱንም ክፍል በጣፋጭ እንሞላዋለን።

የስኳሩን መጠን በቁጥር ልንገራችሁ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ከ7 የሻይ ማንኪያ ያላነሰ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለምግብና ለመጠጥ የሚጨመር ስኳር (ማርና ጁስም ይቆጠራሉ) ከቀኑ ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል። በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 37 ግራም ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ አብዛኛውን ይጨርሰዋል ማለት ነው። ጥጥ መሳዩ ከረሜላ ደግሞ ቀለም የተቀባ ስኳር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። በነገራችን ላይ እንደ ላስቲክ የሚሳቡት ከረሜላዎች ብዙዎቹ ጄላቲን አለባቸው፤ ጄላቲን ከምን እንስሳ እንደተሠራ ሳይጻፍበት ለልጅ መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከቤት ይዞ መሄድ። እዚህ ላይ የሚይዘን ሐፍረት ነው። ሰው መሐል ምሳ ዕቃ መክፈት «ያጡ» የሚያስመስል እየመሰለን፣ ያንኑ ብር ለማንጠግብበት ነገር እናፈስሳለን። ዳቦ በእንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና በቂ ውሃ ለአምስት ሰው ቢያዝ ወጪው ከፓርክ ቺፕስና ለስላሳ ያንሳል፤ በተረፈው ልጁ አንድ ዙር ተጨማሪ ይጫወትበታል። ምግብ ይዞ መግባት የሚከለክል ቦታም ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ ከመጫወታቸው አንድ ሰዓት ያህል በፊት ቀለል ያለ ነገር ይብሉ (ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻል)፣ የሚሽከረከረውን ይጨርሱ፣ ትንሽ ያርፉ፣ ምሳው ከዚያ ይከተላል። ከ4 ዓመት በታች ላሉት ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ አትስጡ። እየሮጠና እየሳቀ ለውዝ የሚያኝክ ሕፃን በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል።

እንደኔ ከሆነ ዒድ ለዘመድ ጥየቃ ይሁንና ፓርኩ ለሌላ ተራ ቅዳሜ ይቆይ። ወረፋው አጭር ነው፣ ልጁም ተኝቶ ያደረ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ የቤተሰብ መዋያ አማራጭ ሰፍቷል። እንጦጦ ስትወጡ ግን ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ መሆኑን አትርሱ። ብርድ ስላለ ፀሐይ የሌለ ይመስለናል እንጂ ጎጂ ጨረሩ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ውሃ።

አባቶችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለኝ። እናት ሦስት ልጅ ስታባርር አባወራው ሻይ ይዞ ከጓደኛው ጋር የሚያወራበት ልማድ ይብቃን። የዙህርና የአስር ሰላት ሲደርስም ሁለታችሁም አንድ ላይ አትቁሙ፤ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ልጆቹን ይጠብቅ። ልጅ የሚጠፋውም የሚወድቀውም በዚያች ደቂቃ ነው። የአባቱን ስልክ ቁጥር በእስክርቢቶ ክንዱ ላይ ጻፉለት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ማታ ካስመለሰው፣ ለስላሳ አትስጡት፤ ስኳሩ ተቅማጥ ካለ ያብሰዋል። አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና በሻይ ማንኪያ በየአንድና ሁለት ደቂቃው አጠጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ደም ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሁሉም ማስመለስ ደግሞ የሆድ አይደለም። ከመንሸራተቻ ወድቆ ወይም በአየር የተነፋው መዝለያ ላይ ከሌላ ልጅ ጋር ተጋጭቶ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከጣለው ወይም ካጥወለወለው ፋርማሲ አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት። ለዚህም ነው ሽሮፕ ፍለጋ ለሚመጣ ወላጅ መጀመሪያ «ወድቆ ነበር ወይ?» የምለው። ብዙ ጊዜ መልሱን የሚያውቀው ቤት የቀረው ሌላው ወላጅ ወይም ታላቅ እህቱ ናትና፣ ከቤት ሳትወጡ ቀን አብሮት የዋለውን ሰው ጠይቃችሁ ኑ።