ከምረቃው ማግስት የሚጠግነው ማነው?

በኢትዮጵያ አዲስ ነገር ሲጀመር ሪባን ይቆረጣል፤ ካሜራ ይደረደራል፤ ንግግር ይደረጋል። ያው ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ሲበላሽ ሊጠግን የሚመጣው ሰው ግን ስሙ አይነሳም፤ አንዳንዴም ክፍያው ይረሳል። ይህ ልማድ በመንገድና በውኃ ቧንቧ ብቻ አልቀረም። ኪስ ውስጥ ወዳለው ስልክም ገብቷል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ቀጣሪና ያለ ቢሮ፣ በግሉ የፎቶ መተግበሪያ የሚሠራ አንድ ወጣት እናስብ። ዘመድ ሲያገኘው የሚጠይቀው "ምን አዲስ ነገር ሠራህ?" ብሎ ነው። "ሳምንቱን ሙሉ ፎቶ በጎኑ የሚያጋድም ስህተት ሳርም ሰነበትኩ" ብሎ ቢመልስ ሥራ እንደፈታ ይቆጠራል። ደንበኛውም ያው ነው። ለአዲስ ገጽታ ይከፍላል፤ ለተስተካከለ ስህተት ሲጠየቅ ግን "መጀመሪያውኑ ለምን አበላሸኸው?" ይላል።

ያ ሳምንት ግን ሥራ ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያው ግንባታ የሚከብደው ሥራ እሱ ነው። ወጣቶች መተግበሪያ እንዲሠሩ እየተበረታቱ ለጥገናው ዋጋ የማይሰጥ ከሆነ፣ ውጤቱ በጭብጨባ ተመርቀው በዝምታ የሚሞቱ መተግበሪያዎች ክምር ነው።

ትንሽ የሚመስለው ስህተት

ፎቶው ለምን ይጋደማል? ስልኩ ውስጥ ያለው የካሜራ ሴንሰር አይዞርም። ሰው ስልኩን አቁሞ ሲያነሳ ብዙ ስልኮች ምስሉን በጎኑ እንዳለ ያስቀምጡትና "ሲታይ ይዙር" የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋሉ። ማስታወሻው ኤግዚፍ በሚባለው የፎቶ መረጃ ውስጥ ከ1 እስከ 8 ባለ ቁጥር ይመዘገባል። መተግበሪያው ቁጥሩን ሳያነብ ካለፈ ሙሽሪት በሠርጓ ቀን ተጋድማ ትታያለች። አንብቦ ምስሉን ካዞረ በኋላ ቁጥሩን ሳይቀይር ከተወው ደግሞ ቀጣዩ መተግበሪያ ደግሞ ያዞራታል። ችግሩ በአንዱ ስልክ ላይ ይታያል፤ በሌላው ላይ አይታይም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ጥፋቱን ለማግኘት ችግሩ የሚታይበትን ስልክ ከሰው መለመን አለበት።

ሁለተኛው የታወቀ ችግር መተግበሪያው ፎቶ ሲከፈት በድንገት መዘጋቱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 4,000 በ3,000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ሜሞሪ ውስጥ 4 ባይት ሲይዝ አንዱ ፎቶ ብቻ 48 ሚሊዮን ባይት ይፈልጋል። የ50 ሜጋፒክስል ፎቶ ደግሞ 200 ሚሊዮን ባይት። ፋይሉ ሲቀመጥ ታምቆ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን ይህን ያህል ቦታ ይይዛል። ውድ ስልክ ይህን ይችለዋል። 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ርካሽ ስልክ ግን መተግበሪያውን ይገድለዋል። መፍትሔው ፎቶውን በጎንም በቁመትም ወደ ሩብ አሳንሶ ማሳየት ነው፤ ያኔ 48ቱ ሚሊዮን ባይት ወደ 3 ሚሊዮን ይወርዳል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ የሚያየው ሰውም ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም። ይህን ያስተካከለ ሰው አንድም አዲስ ነገር አልጨመረም። ነገር ግን አዲስ ስልክ መግዛት ለማይችል ሰው መተግበሪያውን እንደ አዲስ ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ችግር የዚህ አገር ነው። አብዛኛው ሶፍትዌር ዓመት 12 ወር እንዳለውና ቀን እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚቀየር አምኖ የተሠራ ነው። እዚህ ግን ጳጉሜን አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተነሳ ፎቶ በስልኩ ላይ 9 ሰዓት ይላል። የልጅ ክርስትና ወይም የኒካህ ፎቶ በኢትዮጵያ ቀን እንዲደረደር የሚፈልግ ሰው፣ ይህን ችግር ካሊፎርኒያ የተቀመጠ መሐንዲስ ያይልኛል ብሎ ሊጠብቅ አይችልም። እዚሁ የሚኖር፣ በዚሁ ሰዓትና በዚሁ ቀን አቆጣጠር የሚያስብ ሰው ያስፈልገዋል።

"በደንብ ቢሠራ ኖሮ አይበላሽም ነበር"

ይህ የደንበኛ ክርክር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። በግዴለሽነት የተሠራ መተግበሪያ ብዙ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ "እያስተካከልኩት ነው" እያለ ወራት የሚያስቆጥር ፕሮግራመርም አይጠፋም። ክርክሩ የሚስተው አንድ ነገር ነው፦ መተግበሪያው የቆመበት መሬት ራሱ ይንቀሳቀሳል።

ለዚህ ጥሩው ምስክር ከትልቁ ኩባንያ ቤት የመጣ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ስክሪንሾት መቁረጫ ሆኖ የሚያገለግለው "ማርክአፕ" የተባለ መሣሪያ ላይ ከባድ ስህተት ተገኘ። ሰው የባንክ ካርድ ቁጥሩን ወይም አድራሻውን ቆርጦ ሲያስቀምጥ፣ አዲሱ ትንሽ ምስል በአሮጌው ፋይል ላይ ይጻፋል፤ የአሮጌው ጅራት ግን ሳይጠፋ ይቀራል። ከዚያ ጅራት የተቆረጠውን ክፍል በከፊል መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። መነሻው በአንድሮይድ 10 ላይ ፋይል የሚከፈትበት አሠራር መቀየሩ ነው። በፊት ፋይሉን አጽድቶ ይከፍት የነበረው ትዕዛዝ ማጽዳቱን ተወ። የዊንዶውስ 11 ስክሪንሾት መሣሪያም ተመሳሳይ ችግር ተገኘበት። ስህተቱ ከተስተካከለ በኋላም ቀድሞ ለሰው የተላከውን ፎቶ የሚመልሰው አልነበረም።

ይህ የደረሰው ገንዘብም ባለሙያም ባልቸገረው ኩባንያ ላይ ነው። ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራመር ላይ የሚደርሰውን ከዚህ መገመት አያዳግትም። ዛሬ በኢትዮጵያ የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የቤት ካርታ ሁሉ በስልክ ተነስቶ ይላካል። ካሜራው እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ደግሞ ፎቶው የተነሳበት ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወገዳል፤ "ፋይል" ተብሎ ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። የፎቶ መተግበሪያ ስህተት የውበት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

ከዚህ ሌላ መተግበሪያው ዝም ብሎ ልቀመጥ ቢልም አይፈቀድለትም። ጎግል ፕሌይ መተግበሪያዎች ከአዳዲሶቹ የአንድሮይድ ስሪቶች ጋር እንዲስማሙ በየዓመቱ መመዘኛውን ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ መተግበሪያ አዲስ ስልክ ለገዛ ሰው ከገበያው ይሰወራል። ጥገና ያልተደረገለት መተግበሪያ እንደነበረ አይቆይም ማለት ነው፤ ይሞታል።

ሁለት መተግበሪያ፣ ሁለት ዕጣ

ከዓለም ሁለት ምሳሌ ማየት በቂ ነው። "ኦፕን ካሜራ" የተባለው ነፃ የአንድሮይድ ካሜራ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣ። የጀመረውና እስካሁንም በዋናነት የሚሠራው ማርክ ሃርማን የተባለ አንድ ሰው ነው። ተጠቃሚዎቹ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። የየስሪቱ ዝርዝር ሲነበብ ትልቁ ቦታ የተሰጠው ለጥገና ነው፦ በዚህ ስልክ ላይ የነበረው መዘጋት ተስተካከለ፣ በዚያኛው ላይ የነበረው ችግር ታረመ። አዲስ ነገር አለ፤ ግን መተግበሪያውን ከአስር ዓመት በላይ ያቆመው ያ አሰልቺ ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው "ሲምፕል ጋለሪ" ነው። ያለ ማስታወቂያ፣ የሰውን መረጃ ሳይሰበስብ የሚሠራ በመሆኑ በብዙዎች የተወደደ የፎቶ ማስቀመጫ ነበር። ጀማሪው የስሎቫኪያ ፕሮግራመር ለዓመታት ካቆየው በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሌሎቹ መተግበሪያዎቹ ጋር ለአንድ ኩባንያ ሸጠው። የተጠቃሚዎች ቅሬታ ከባድ ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው "ፎሲፋይ" በሚል ስም ቀጠሉት። ሰውየውን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው የሚሊዮኖችን ፎቶ በትከሻው ተሸክሞ እስከ መቼ ይዘልቃል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ጠጋኙን በጊዜው ያልከፈለ ኅብረተሰብ በኋላ በሌላ መንገድ ይከፍላል።

ድሬ ይህን ታውቃለች

ጥገናን መናቅ ለድሬዳዋ በተለይ አይመጥናትም። ከተማዋ የተወለደችው ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. በደረሰበት ቦታ ነው፤ ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ እታች ቀረ። ጣቢያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሬ ማለፊያ ሆና ትቀር ነበር። ከተማ ካደረጓት ነገሮች አንዱ የምድር ባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ነው። እዚያ ውስጥ ብረት ቀጥቅጠው፣ የጠፋውን መለዋወጫ ራሳቸው ቀርጸው፣ ከአውሮፓ የመጣውን ሎኮሞቲቭ ለበረሃው ሙቀትና አቧራ ያለማመዱ ሠራተኞች ነበሩ። ሐዲዱ ሲመረቅ የተገኙት ትልልቅ ሰዎች ጥቂት ቀን ቆይተው ሄዱ። ባቡሩን ለትውልዶች ያስኬዱት ግን እጃቸው ግራሶ የነካ ሰዎች ናቸው።

በቅርቡም ድሬ የሙከራ ከተማ ሆናለች። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከመጀመሩ በፊት ኔትወርኩን ለደንበኞች ሙከራ የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ነበር። የሙከራ ትርጉሙ ስህተቱ መጀመሪያ እዚህ ይታይ፣ እዚህ ይታረም ማለት ነው። ኩባንያ ሲያደርገው "ጥንቃቄ" የሚባለው ነገር፣ ሳቢያን ያለው ወጣት ሲያደርገው "ሥራ መፍታት" ሊባል አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መተግበሪያ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት፣ ፎቶ ቤትም ይሁን ቢሮ፣ ውሉ ላይ የጥገናን ክፍያ ለብቻው ያስቀምጥ። ስንት ዓመት፣ ችግር በተነገረ በስንት ቀን ውስጥ፣ በስንት ብር። ፕሮግራመሩም በበኩሉ ምን እንዳስተካከለ በየጊዜው ጽፎ ያስረክብ። ያልተጻፈ ጥገና የማይታይ ጥገና ነው፤ የደንበኛው ጥርጣሬም ከዚያ ይመነጫል።

ሁለተኛ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብርና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን ከባዶ እንዲገነባ ብቻ አያስተምሩት። የሌላ ሰው ኮድ አንብቦ ጥፋቱን ማግኘትም ይልመድ። ክፍት በሆነ ፕሮጀክት ላይ አንድ እውነተኛ ስህተት ያረመ ተማሪ፣ አሥረኛውን የካልኩሌተር መተግበሪያ ከሠራው የበለጠ ተምሯል። ቀጣሪዎችም ይህን እንደ ሥራ ልምድ ይቁጠሩት።

ሦስተኛው የተጠቃሚው ድርሻ ነው። "አይሠራም" ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቶ መሄድ ለማንም አይጠቅምም። የስልኩን ሞዴል፣ የአንድሮይዱን ስሪት፣ ምን ሲነካ እንደተዘጋ ሦስት መስመር መጻፍ ግን የፕሮግራመሩን የሦስት ቀን ፍለጋ ሊያሳጥር ይችላል። የሚወደውን የአገር ልጅ መተግበሪያ በየወሩ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ በጥቂት ብር መደገፍም ውርደት አይደለም። የፎቶ ቤት ደንበኛ ለአንድ ፎቶ ማጠቢያ ከፍሎ ኖሯል፤ አሁን ሺህ ፎቶ ለሚጠብቅለት ሰው ትንሽ ቢከፍል አይበዛበትም።

አበው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይላሉ። አዲስ መተግበሪያ፣ አዲስ ገጽታ፣ አዲስ ምረቃ የቆጡ ነው። የብብቱ ደግሞ ዛሬ በሰው ስልክ ውስጥ ያለው የእናት፣ የልጅ፣ የሟች ወንድም ፎቶ ነው። ያንን እንዳይወድቅ ይዞ የሚያድር ሰው አለ። "ምን አዲስ ሠራህ?" ከመባሉ በፊት "ምን አስተካከልክ?" ቢባል፣ ጥያቄውም ክፍያውም ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል።