ፎከሱን ለአውራ ጣት ስጡት

ኮሎምበስ የሠርግና የምርቃት ወቅት ገባ። ምግብ ቤቴ ውስጥ በየሠርጉ የማየው ነው፦ እስክስታው ሲደምቅ አንዱ ትሪ ይዞ ያልፋል፤ ሙሽሮቹ ደብዝዘው ትሪው ጥርት ብሎ ይወጣል! ለምን? ፎከሱም ማንሻውም አንድ ቁልፍ ላይ ስለሆኑ ነው።

ለዩዋቸው። ካኖን ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ ፎከሱን ከማንሻው አንሱና ከኋላ ላለው ኤኤፍ-ኦን ቁልፍ ስጡት፤ ካሜራውን ተከታታይ ፎከስ ላይ አድርጉ። ለቆመ ሰው በአውራ ጣት ተጫኑ፣ ሲጠራ ልቀቁ፣ አንሱ። ለጨፋሪ ግን ጣታችሁን አትልቀቁ።

ካሜራውን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ይህን ንገሩት። ከአገር ቤት ለልጃቸው ሠርግ የመጡ እናት ፎቶ ደብዝዞ ቢወጣ ሠርጉ አይደገምም።