የሻሉን ዳር ከመጀመርሽ በፊት

እኅቴ ሆይ፣ ከተከዜ ዳር ከዝቋላ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ የወጣ ሰው ማታ ማታ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው ነገር መፈለጉ አይቀርም፤ ነጠላ ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ ዛሬ በዓምዳችን በሹራብ መርፌ ስለሚሠራ ባለ ሦስት ማዕዘን ሻል፣ በተለይም ብዙዎችን ስለሚያስቸግረው ስለ ዳሩ እንነጋገራለን።

የነጠላ ጥለት ለቆጠራ ይመቻል፤ ሸማኔው ድሩን አንዴ ከቆጠረ ስፋቱ እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ሻል ግን ከአንገት ተጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። በየሁለት መስመሩ አራት ዐይን ይጨመራል፦ በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ፣ ከመሐለኛዋ ዐይን ግራና ቀኝም አንድ አንድ። እንግዲህ እያንዳንዱ ጎን በሁለት መስመር ሁለት ዐይን ያገኛል። ሒሳቡ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

የዳሩ አበባ 12 ዐይን የሚወስድ ቢሆንና በአንዱ ጎን 76 ዐይን ቢኖርሽ፣ ስድስት አበባ 72 ይወስድና 4 ይተርፋል። ሰባተኛውን ለመሙላት 84 ያስፈልግሻል። የጎደሉትን 8 ዐይኖች በአንድ መስመር አጭቀሽ አትጨምሪ፤ ዳሩ ይሸበሸብብሻል። 8 መስመር ያለ አበባ ቀጥዪ፣ ራሱ 84 ይሞላል። (ወንድሜ፣ እሷ ስትቆጥር ራት ደረሰ ወይ ብለህ አትጠይቅ።) አበባው በቁመቱም 12 መስመር ከሆነ እሰየው፤ ሲያልቅ ጎኑ 96 ይሆናል፣ ስምንት አበባ። 10 መስመር ከሆነ ግን 94 ላይ ይቆማል፤ ሌላ ረድፍ አበባ ከመጀመርሽ በፊት ሁለት መስመር ያለ አበባ ሥሪ።

ቀዳዳዎቹ አያሳስቱሽ። ክሩን መርፌው ላይ ስትጠቀልዪ የሚወጣው ቀዳዳ አንድ ዐይን ይጨምራል፤ ሁለት ዐይን አንድ ላይ ሲሠራ አንድ ይቀንሳል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ከመጡ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ቆጠራው አልገጥም ካለሽ ሁሉን ከመፍታትሽ በፊት ጥንድ ያጣውን ቀዳዳ ፈልጊ።

ክሩንም አስቢበት። 96 መስመር ባለው ሻል ክሩ የሚጋመሰው 48ኛው ላይ ሳይሆን 68ኛው መስመር አካባቢ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 20 መስመሮች ብቻ ከሲሶ በላይ ይበላሉ። ሰቆጣ ላይ ቢያልቅብሽ መንገደኛ ልከሽ ከአዲስ አበባ ታስመጪ ይሆናል፤ ግን በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ ዳሩ ላይም ያስታውቃል። ስለዚህ 76 ዐይን ላይ ስትደርሺ የቀረውን መዝኚው። ከ100 ግራሙ 40 ካልቀረሽ፣ 4 መስመር ፍቺና 72 ላይ ተመልሰሽ በስድስት አበባ ጀምሪው።