ቢስክሌት የሥራ ዕቃ ነው እንጂ የእሑድ ጌጥ አይደለም

ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ የሚያወጣው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ለቢስክሌት የራሱ መተላለፊያ ተሰጥቶታል። በአራዳ ምድር ይህን ለማየት ስንመኝ ለኖርነው ለእኛ ነገሩ ትንሽ አይደለም። ሆኖም የተደረገውን በጎ ነገር ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ አመስግኖ ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች፣ ክቡራን መምህራኖቻችንም፣ አንድ ጥያቄ እንድናነሣ ፍቀዱልን። በዚህ መተላለፊያ ላይ የሚነዳው ማነው? ወዴትስ ነው የሚሄደው?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆሞ የተመለከተ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል። ሕፃናት በኪራይ ቢስክሌት ይዞራሉ፤ ጎረምሶች መሪውን ለቅቀው እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ይበራሉ፤ ባለስልኩ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል። ልጅ መጫወት አለበትና ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን ሰኞ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል በዚያው ስፍራ የሚያልፈው ሌላ ሰው ነው። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ወደ ቤቱ ይነዳል፤ ዳቦ አመላላሹ ከኋላው በማዳበሪያ የታሰረ ጭነት ይዞ ዳገቱን ወርዶ ይገፋል፤ ግንበኛው ውሃ ልኩን በጀርባው አዝሎ ይሄዳል። የቢስክሌት ሕዝብ ማለት እነዚህ ናቸው። ስለ መተላለፊያው ሲነገር ግን ስማቸው አይነሣም፤ የሚነሣው ውበት፣ መዝናኛና ቱሪስት ነው።

የሚነዱትን ዕቃ ብንመረምረው እንኳ ብዙ ያስተምረናል። አሮጌው ጥቁር የሕንድ ወይም የቻይና ቢስክሌት፣ ሂሮ ወይም ፎኒክስ የሚባለው፣ ክብደቱ ሃያ ኪሎ ግድም ነው፤ ማርሽ የለውም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ተቀምጦበት የሚወጣ ጉልበተኛ ሰው ነው። ግን ኩንታል ቢጭኑት አይሰበርም፤ የትኛውም ሠፈር ያለ ጠጋኝ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። ማውንቴን የሚባለው ዛሬ በብዛት የሚታየው ነው፤ ወፍራም ጎማና አሥራ ስምንት ወይም ሃያ አንድ ማርሽ አለው። ማርሹ ለአራዳ ዳገት የተባረከ ነገር ነው። ፊቱ ላይ የተተከለለት ርካሽ ሞላ ግን በአስፋልት ላይ ከክብደትና ከጉልበት ማባከን በቀር ትርፍ የለውም፤ ሰዉ የሚገዛው ስለሚያምር ነው። ባለ ቀጭን ጎማው የውድድር ቢስክሌት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጎማው የውሃ መውረጃ ብረት መካከል የገባበት ነጂ ጥርሱን ያተርፍ ዘንድ ይጸልይ። መካከለኛ ብረቱ ዝቅ ያለውን «የሴት» ብለው ይስቁበታል። እኛ ግን ለወንዱም እንመክረዋለን፤ ከኋላው ጭነት ያለበት ሰው እግሩን በጭነቱ ላይ አዙሮ ሊቀመጥ አይችልምና። በቅርቡ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መጥቷል፤ ዳገት ፈሪዎች ሆይ፣ ሰበባችሁ አበቃ!

ዳገትን ካነሣን ዘንድ ይህን የቆየ ተረት እንጨርሰው። «አዲስ አበባ ተራራ ናት፤ ቢስክሌት ለባሕር ዳር ነው» የሚሉን ሰዎች አሉ። ባሕር ዳር ሜዳ መሆኗና ሕዝቧም ቢስክሌት መውደዱ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ። የነጂውና የቢስክሌቱ ክብደት በአንድነት 80 ኪሎ ቢሆን፣ መቶ ሜትር ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገው ሥራ 78 ሺሕ ጁል ያህል ነው። ሰውነታችን ከሚበላው ኃይል ሩቡን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል እንኳ ወጪው 75 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ይኸውም ግማሽ ዳቦ። (የፊዚክስ መምህራኖቻችን ስሕተት ካገኙበት ቀይ እስክሪብቶአቸውን ያንሡ።) የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት እስከ ለገሀር በነፃ የወረደ ሰው በመልሱ ግማሽ ዳቦ ቢከፍል ተበደልኩ ሊል ይገባዋልን?

ኪጋሊ ከኛ ያላነሰ ኮረብታ ናት፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ቢስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር የተደረገው በዚያ ነው። አሥመራም ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ልጇ ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን መጀመሪያ ኦሊምፒክ ስትገባ ያሰለፈቻቸው ሯጮችንና ቢስክሌት ነጂዎችን ብቻ ነበር። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነ። አበበ ቢቂላን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የሜልቦርንን ነጂዎች ስም የሚጠራልን ግን ስንት ነው?

እንግዲህ ችግሩ ዳገቱ ካልሆነ ምንድነው? የሚከብደንን ነገር እንናገር። መንገዱ በተሠራበት በዚያው በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ ነዋሪው ተነሥቶ ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሄደ። የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁና ለጤና የማይመቹ እንደ ነበሩ አንክድም፤ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚኖረውን ድኻ «ቅርስህን ጠብቅ» እያሉ ከሆቴል መስኮት መምከር የእኛ ጠባይ አይደለም። ነገር ግን በሩብ ሰዓት እግር ጉዞ ፒያሳ ሥራው ላይ ይደርስ የነበረው ሰው ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ለታክሲ ይሰለፋል። ለቢስክሌት የሚሆነው አጭር መንገድ የእርሱ ነበር። መንገዱ ሲመጣ ነጂው ሄደ! የመንገድ ዳር ትንንሽ ሱቆች ሲነሡ ደግሞ ጠጋኙም አብሮ ተነሣ። ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታና ካቴና እያለ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ቃል ከእኛ ይልቅ አጥርቶ የሚናገረው ያ ባለሙያ ከሌለ፣ ጎማው የፈነዳበት ዳቦ አመላላሽ በሚያምረው መተላለፊያ ላይ ቢስክሌቱን እየጎተተ ከመሄድ በቀር ምን ያደርጋል?

ከተማው ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚሠራበት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለው። ጽሑፍ አልጎደለም። የጎደለው መተላለፊያውን ከአዲሶቹ መንደሮች እስከ ቅርቡ የአውቶቡስ መነሻ ማድረስ፣ በዚያም ጠባቂ ያለው ማቆሚያ መሥራት፣ ለጠጋኙም በየመንገዱ ሁለት ካሬ ሜትር መስጠት ነው። ፏፏቴና መብራት ለተተከለበት ከተማ ይህ ከባድ ወጪ ነው ቢሉን አንሰማም።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። ከመካከላችን ስለ ሠራተኛው ሕዝብ በየሻይ ቤቱ ሦስት ሰዓት የሚናገሩ፣ ሠራተኛው የሚነዳውን ዕቃ መንዳት ግን የሚያፍሩ አሉ። ዲግሪ የያዘ ሰው ፔዳል ሲመታ መታየቱ ውርደት ነው ይላሉ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ተሰልፎ በሰው ብብት ሥር ተጨቁኖ መሄድ ግን ክብር ሆኗል! እኅቶቻችን ላይ የሚወርደውማ የባሰ ነው። አንዲት ልጅ በቢስክሌት ብታልፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚወረወረውን ቃል እዚህ ማተም አንችልም። ቃሉን ከሚወረውሩት መካከል ደብተር የያዙ መኖራቸውን ግን እናትማለን። የመንገዱን ቀለም ማዘጋጃ ቤት ይቀባል፤ ይህን አፍ የሚዘጋው ግን ማዘጋጃ ቤት አይደለም።

ኮሌጆችም ቢሆኑ ለመምህራን መኪና ጥላ ያለው ማቆሚያ ሲሠሩ ለቢስክሌት ማሰሪያ የሚሆን አንድ ዘንግ ብረት አጥተው አይደለም። የጠየቃቸው ስለሌለ ነው። እኛ እንጠይቃለን፤ የሚፈርም ስሙን ለክፍሉ ተጠሪ ይስጥ። ጥያቄውን በባዶ እጅ ላለማቅረብም የመጪው ሳምንት ሰኞ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆመን የሚያልፈውን ቢስክሌት ሁሉ እንቆጥራለን። ወንድ ወይስ ሴት? ምን ጫነ? በመተላለፊያው ሄደ ወይስ በመኪናው መካከል? ለምንስ? ስድስት ሰው ይበቃል፤ እስካሁን አራት አለን። የሚመጣ እርሳስና ወረቀት ይያዝ፤ ጧት ድልድዩ ላይ ብርድ ስላለም ወፍራም ልብስ ይልበስ።