ስልኩ የደበቀው ቀን

ባለፈው ነሐሴ መካኒሳ አቦ እናቴ ቤት ስደርስ፣ በቡናው ሰዓት ከሰሉ አልተቀጣጠለም። የእህቴን ልጅ የምታሳድገው እናቴ ናት። ለአምስተኛ ክፍል ልታስመዘግባት በዝናብ ብትሄድ “ምዝገባው ትናንት አብቅቷል” ብለው መለሷት።

“ስልኩ ላይ አይቼ ነበር እኮ” አለችኝ። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አርጅቻለሁ።”

ስልኳን ተቀብዬ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ከፈትኩ። ሰንጠረዡ ክፍል፣ መጀመሪያ ቀንና መጨረሻ ቀን የሚል ሦስት ዓምድ አለው። በእሷ ስልክ የሚታዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው በጣቴ ወደ ጎን ስገፋው ብቅ አለ። እናቴ አላረጀችም፤ ገጹ ለሰፊ ኮምፒውተር ብቻ ተሠርቶ ነው።

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካዊው የድረ ገጽ ባለሙያ ኤታን ማርኮት በግንቦት 2002 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያስተካክልበትን አሠራር ስም ሰጥቶ አስረዳ። በሰፊው ስክሪን ጎን ለጎን የሚቀመጠው፣ በጠባቡ አንዱ ከሌላው ሥር ይደረደራል። ጽሑፉም ለዓይን እንዳያንስ ይደረጋል። ለእኛ ፊደል ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ “ሉ”ን ከ“ሊ” የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነውና።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ጸሐፊዋ ገጹን በራሷ ስልክ ከፈተችው፤ ለእሷም ሦስተኛው ዓምድ አልታየም። “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን” ብላ ልጅቷን መዘገበቻት። ሁሉም ግን እንዲህ ዕድለኛ አይሆንም።

ስለዚህ ሰንጠረዥ ስታዩ ስልኩን አግድም አዙሩት፤ ገጹንም ወደ ጎን ግፉት። ጽሑፉ ካነሰ በሁለት ጣት ዘርጉት። ቀንና ገንዘብ ያለበትን ነገር ደግሞ ደውላችሁ አረጋግጡ። በወላጆች ስብሰባ ላይም አንድ ጥያቄ አንሱ፦ “ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በትንሽ ስልክ ታይቷል?”

ከሁሉም በላይ፣ አያቶች ሆይ፣ ስልኩ ያላሳያችሁን ነገር በዕድሜያችሁ አታሳብቡ። እናቴ ያን ቀን ከሰሉን ያቀጣጠለችው ይህን ካመነች በኋላ ነው።