«አሚን» የጣዖት ስም ነውን?



በአንዳንድ ወጣቶች አንደበት የሚዘዋወር አንድ ወሬ አለ። «አሚን ማለት የጥንት ግብፆች ያመልኩት የነበረው የአሙን ስም ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የክርስቲያኖች ቃል ነውና ተዉት» ብለው ይጨምራሉ።

ለመሆኑ ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ዝምድና ይቆጠራልን? በአማርኛ «ዋና» ስንል በወንዝ መዋኘትም ነው፤ የነገር አውራም ነው። አንዱ ከሌላው ተወለደ የሚል ግን የለም። «አሙን» በግብፆች ቋንቋ «ስውር» ማለት ነው። «አሚን» ግን ዘመዶቹ ሌሎች ናቸው፤ የዕብራይስጡ «አሜን»፣ የግዕዙ «አምነ»፣ የአማርኛው «እምነት» እና «ታማኝ»፣ የዐረብኛው «ኢማን» እና «አማና»። ሁሉም እውነትንና ጽናትን ይናገራሉ። ዑለማዎቻችንም «አላህ ሆይ! ተቀበለን» ብለው ይፈቱታል።

በሱረቱ ዩኑስ (10፡88-89) ዱዓውን ሲያደርጉ የምንሰማው ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ብቻ ነው። ተቀባይነቱ ግን ለሁለት ሰዎች ተነገረ። ለምን? ሙፈሲሮች እንዳብራሩት ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ) አሚን ይሉ ስለነበር ነው። እንግዲህ አሚን ያለ ሰው ራሱ እንደለመነ ይቆጠራል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አሚኑ ከመላእክት አሚን ጋር የገጠመለት ሰው ያለፈው ኃጢአቱ እንደሚማርለት አስተምረዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ታዲያ ይህን ቃል በመንገድ ወሬ እንለውጠው?

የወሬው ጉዳት በእኛ በጂንካና በደቡብ ኦሞ ይብሳል። በአንድ ቤት ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ የአባቶቹን ልማድ የያዘውም አብሮ ይኖራል። ከአሪ ወይም ከማሌ ቤተሰብ ወደ ኢስላም የመጣ ወጣት፣ አያቱ «ፈጣሪ ያሳድግህ» ብለው ሲመርቁት አፉን ዘግቶ ከቆመ ምን ይሰማቸዋል? «ሃይማኖቱ አያቱን አስናቀው» ቢሉ ይፈረድባቸዋልን? በእርግጥ ከአላህ ሌላ በሚለመንበት ምርቃት ላይ አሚን አይባልም። የሚመዘነው ግን የተለመነው ነገርና የተለመነው አካል እንጂ የአያት ሃይማኖት አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ለቃሉ ከተቆረቆራችሁ ልጆቻችሁ አስተካክለው እንዲሉት አድርጉ። የመጀመሪያው «አ» ይሳባል፤ «ሚ» አይጠብቅም። ከጠበቀ በሱረቱል ማኢዳህ (5፡2) እንዳለው «አስበው የሚጓዙ» ወደሚል ሌላ ትርጉም ይሄዳል። የአማርኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ከመምህር አፍ መሰማት አለበት።

አላህ ቤተሰቦቻችንን በመልካም ዱዓ ላይ ያሰባስብልን። አሚን!