ከውጭ የመጣ ሞተር ሳይክል፦ ልጃችሁ ይግዛ ወይስ ይቅርበት?

ከሠራዊት የተመለሰ ወይም ሥራ የጀመረ ወጣት ባለባቸው ብዙ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ሞተር ሳይክል ልግዛ?» እናት ወዲያው «በጭራሽ!» ትላለች። አባት ዝም ብሎ ዋጋውን በልቡ ያሰላል። ልጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አስቀድሞ ወስኖ ነው።

በእኔ አስተያየት «በጭራሽ» ማለትም ሆነ «እንደፈለግህ» ማለት አይበቃም። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ለመግዛት የእኛን ፊርማ አይፈልግም። በሩን ከዘጋንበት ከመንገድ ላይ ርካሽ ያገኘውን በችኮላ ይገዛል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው። ስለዚህ አብረን ተቀምጠን ጥቅሙንና ጉዳቱን እንመዝን። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ለሥራ መመላለሻ የሚሆን አነስተኛ ሞተር፣ በከተማችን ጋራዥ ያለው ከሆነ፣ ሊታሰብበት ይችላል። ሞተሩን በግል ከውጭ ማስመጣት፣ በወላጅ ስም ማስመዝገብ እና ለብድሩ ዋስ መሆን ግን አይገባም።

ጥቅሙን አንካድ

የልጁ ሐሳብ ከንቱ አይደለም። አነስተኛ ስኩተር በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በማለዳው የመኪና መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞሩ መዋል የለም። ከሁሉም በላይ በፋብሪካ፣ በጥበቃ ወይም በሆስፒታል በፈረቃ የሚሠራ ሰው በሌሊት ሲወጣ አውቶቡስ የለም፤ ብዙ የኢንዱስትሪ አካባቢዎች በቀንም ቢሆን በቂ አውቶቡስ አያገኙም። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ሞተር ሳይክል ቅንጦት አይደለም፤ ሥራውን ይዞ ለመቆየት የሚያስችለው ነገር ነው። መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ወጣት ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም።

«ከውጭ የመጣ» ሲባል

በእስራኤል የሚገዛ ሞተር ሳይክል ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪ እና ካዋሳኪ የጃፓን፣ ኤስ ዋይ ኤም እና ኪምኮ የታይዋን፣ ቬስፓ የጣሊያን፣ ሲ ኤፍ ሞቶ የቻይና ናቸው። ልዩነቱ ያለው ማን አስገባው በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የፋብሪካው ወኪል የሆነው ዋናው አስመጪ ነው። ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ዋስትና ይሰጣል፣ መለዋወጫ ያስመጣል፣ ፋብሪካው የደኅንነት ጉድለት ሲያገኝ ባለቤቱን ጠርቶ ያስጠግናል። ሁለተኛው «ይቡ ማክቢል» የሚባለው፣ ፈቃድ ያለው ሌላ ነጋዴ በጎን የሚያስገባው ነው። ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፤ ዋስትናውን የሚሰጠው ግን ያ ነጋዴ ራሱ ስለሆነ፣ ነጋዴው ነገም ሱቁን ከፍቶ የሚገኝ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። ሦስተኛው «ይቡ ኢሺ»፣ ማለትም ሰው ለራሱ በግል የሚያስመጣው ነው።

ይህን ሦስተኛውን መንገድ ብዙ ወጣቶች በስልካቸው ላይ ዋጋ አይተው ይመኙታል። በውጭ አገር የተጻፈው ዋጋ ግን እዚህ የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። ማጓጓዣ አለ፣ የመርከብ ኢንሹራንስ አለ፣ የግዢ ግብር አለ። ከዚያም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 ከመቶ የሆነው ማዓም ይመጣል፤ የሚሰላውም በሞተሩ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና ግብሩ ተደምረውበት ነው። ፈቃዱን ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ማውጣት የሚገባውም ሞተሩ ከመጫኑ በፊት ነው። አንድ ወረቀት ቢጎድል ሞተሩ ወደብ ላይ ይቀመጣል፤ የመጋዘን ክፍያም ይቆጠራል። ተሳክቶለት ቢገባ እንኳ ሲበላሽ «እኔ አላስገባሁትም» የሚል ጋራዥ ሊያጋጥመው ይችላል። ለልምድ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር ለመጀመሪያ ሞተር ይህን መንገድ አልመክርም።

የአገር ስምም አያታልለን። በኢትዮጵያ ባጃጅ ስንል ባለ ሦስት እግሩን ታክሲ ነው የምናስበው። ባጃጅ ግን የሕንድ ፋብሪካ ነው፤ ወጣቶቻችን የሚመኙት ኬ ቲ ኤም የተባለው የኦስትሪያ ሞተርም ትንንሾቹ ሞዴሎቹ በሕንድ በባጃጅ ፋብሪካ ተሠርተዋል። የጃፓን ስም ያላቸው ብዙ ትንንሽ ስኩተሮችም የሚገጣጠሙት በታይላንድ፣ በቬትናም ወይም በኢንዶኔዥያ ነው። ስለዚህ «የየት አገር ነው?» ከማለት ይልቅ «መለዋወጫው በስንት ቀን ይገኛል? ጋራዡ የት ነው? ስሸጠው ገዢ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ወጪው ከዋጋው ይበልጣል

ልጁ የሚነግረን የመግዣውን ዋጋ ነው። ትልቁ ወጪ ግን ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚመጣው ነው። በሕግ ግዴታ የሆነው ኢንሹራንስ፣ ቢቱዋህ ሆቫ፣ ለሞተር ሳይክል ውድ ነው። በዕድሜ ወጣት፣ በመንጃ ፈቃድ አዲስ፣ በሞተር ትልቅ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይወደዳል። ስለዚህ ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት፣ በልጁ ዕድሜና በዚያው ሞዴል ስም፣ ከሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ መጠየቅ ግድ ነው።

ይህ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለሰው አካል ጉዳት ብቻ ነው። ልጁ የሌላ ሰው መኪና ቢገጭ ጥገናውን አይከፍልም። ለዚያ «ጻድ ጊሜል» የሚባለው ያስፈልጋል፤ ለስርቆትና ለራሱ ሞተር ጉዳት ደግሞ «ማኪፍ»። ሞተር ሳይክል በቀላሉ የሚሰረቅ ንብረት መሆኑን አንርሳ። በዚህ ላይ ዓመታዊው ቴስት፣ ጎማ፣ ብሬክ፣ ዘይት፣ ሰንሰለት ወይም ቀበቶ አለ። በሕግ ግዴታ የሆነው የራስ ቁር፣ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንትና ጫማም ይደመራል። ለእነዚህ ገንዘብ ያልያዘ ሰው ለሞተሩም ገንዘብ የለውም ማለት ነው።

የመንጃ ፈቃዱ ዓይነትም ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ኤ2 የሚባለው ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን እስከ 125 ሲሲ ያስነዳል። ኤ1 ከ18 ዓመት ጀምሮ እስከ 47 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስነዳል። ገደብ የሌለው ኤ ከ21 ዓመት በኋላ፣ ኤ1 አንድ ዓመት ለያዘ ሰው ነው። በኤ2 ትልቅ ሞተር የሚነዳ ልጅ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል። የ1975ቱ የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ፣ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ለተጎዳ አሽከርካሪ ካሳ ያስከፍላል፤ ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ኢንሹራንስ የነዳ ግን ይህን መብት ያጣል። ይህ ማለት የአንድ ቀን ድፍረት ዕድሜ ልክ ያለ ካሳ አካል ጉዳተኛ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል።

«ሻሊያህ ሆኜ እከፍለዋለሁ»

ብዙ ወጣቶች ሞተሩን ምግብ በማድረስ ሥራ እከፍለዋለሁ ይላሉ። በርግጥ በፍጥነት የሚጀመር፣ አለቃ የማያስጨንቅበት ሥራ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው እንዲህ የሚሠራ ወጣት ተቀጣሪ ሳይሆን «ዓጽማኢ»፣ የራሱ ሠራተኛ ነው። የሕመም ቀን የለውም፣ የዕረፍት ክፍያ የለውም፣ የስንብት ክፍያ የለውም፤ ጡረታውን ራሱ ይቆጥባል፣ ቤንዚኑንና ጥገናውን ራሱ ይችላል። እጁ የገባው ገንዘብ ሁሉ ደመወዝ አይደለም።

በማስ ሃክናሳ፣ በማዓም እና በቢቱዋህ ሌኡሚ ፋይል መክፈትም አለበት። ይህን ከባድ ጉዳይ ብዎች «ኋላ ይደረሳል» ብለው ያሳድሩታል። በሥራ ላይ የተጎዳ የራሱ ሠራተኛ በጉዳቱ ጊዜ በቢቱዋህ ሌኡሚ ተመዝግቦ ካልተገኘ የሥራ ጉዳት ክፍያ አያገኝም። ከተመዘገበ ግን መሥራት እስካልቻለ ድረስ፣ እስከ 91 ቀን፣ ከጉዳቱ በፊት በነበሩት 3 ወራት ገቢው መሠረት 75 ከመቶ ይሰላለታል። እንግዲህ መጀመሪያ ምዝገባው፣ ከዚያ የመጀመሪያው ምግብ ይድረስ። ለኢንሹራንስ ወኪሉም «በሞተሩ ዕቃ አደርሳለሁ» ብሎ መንገርና በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል፤ ለግል መመላለሻ የተገዛ ፖሊሲ ለሥራው ላይሸፍን ይችላል።

ከዚህ ጋር ሌላ ምርጫ አብረን እናሳየው። ከሠራዊት የተሰናበተ ወጣት «ፒካዶን» የሚባል ተቀማጭ አለው። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት፣ ሥራ ለመክፈት፣ ለጋብቻ ወይም ቤት ለመግዛት ይውላል። በዚህ ገንዘብ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ፣ 21 ዓመት ሲሞላው ደግሞ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ መማር ይችላል። በአገሪቱ የአውቶቡስ ሹፌር እጥረት እንዳለ የታወቀ ነው፤ የሥልጠናውን ወጪ የሚሸፍኑ ኩባንያዎችም አሉ። እዚያ ደመወዝ፣ ጡረታና የሕመም ቀን አለ። ዕቃ ማድረስ የአንድ ዓመት መሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሕይወት ሙያ ሆኖ እንዲቀር ግን አልመኝለትም።

ስማችሁንና ፊርማችሁን ጠብቁ

በአገራችን ዋስ መሆን የክብር ጉዳይ ነበር፤ ዋሱም፣ ተበዳሪውም፣ አበዳሪውም ይተዋወቃሉ፣ ችግር ቢመጣ ሽማግሌ ይቀመጣል። እዚህ ግን ፊርማ ፊርማ ነው። ልጁ ብድሩን መክፈል ካቃተው አበዳሪው ወደ ዋሱ ይመጣል፤ ሞተሩ ተሰርቆም ቢሆን፣ ተሰብሮም ቢሆን ዕዳው አይቀርም። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ውል ሳያስነብቡ መፈረም ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ማገዝ የፈለገ ወላጅ፣ አቅሙ የቻለውን ጥሬ ገንዘብ ለራስ ቁርና ለጃኬት ይስጥ።

ኢንሹራንሱ እንዲረክስ ተብሎ ሞተሩን በወላጅ ስም ማስመዝገብም ጥሩ መላ አይደለም። የፍጥነት ቅጣትና የክፍያ መንገድ ሒሳብ የሚመጣው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው፤ ሌላ ሰው እንደነዳ ማስረዳትም የእሱ ሸክም ይሆናል። ለኢንሹራንስ ኩባንያው ዋናው ነጂ ማን እንደሆነ መደበቅም በአደጋ ጊዜ ክርክር ያመጣል። ከቢቱዋህ ሌኡሚ የገቢ ድጎማ የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ፣ ማንኛውንም ተሽከርካሪ በስማችሁ ከማስመዝገባችሁ በፊት እዚያው ሄዳችሁ ጠይቁ።

ነፍስ በገንዘብ አይተመንም

እናት «በጭራሽ» ስትል ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሳይክሎች በመንገድ ላይ ካሉት ተሽከርካሪዎች ጥቂቱ ሲሆኑ፣ በአደጋ ከሚሞቱትና በጽኑ ከሚቆስሉት መካከል ያላቸው ድርሻ ግን እጅግ ከፍ ያለ ነው። መኪና ውስጥ ያለውን ሰው ብረት ይከልለዋል፤ ሞተር ላይ ያለውን የሚከልለው የለበሰው ልብስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ የበጋው አቧራና ዘይት መንገዱን ያንሸራትታል። ለአቅርቦት የሚቸኩል ወጣት ደግሞ ክፍያው በቁጥር ስለሆነ ቀይ መብራት ይፈትነዋል። ልጁ በተፈጥሮው ችኩል፣ በመኪናም ቅጣት የሚያበዛ ከሆነ፣ እኔም ከእናትየው ጋር ሆኜ «ይቅርብህ» እላለሁ።

ከሆነ ግን እንዲህ ይሁን

በአገር ቤት በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሳል፣ የማን እንደነበረች ይጠይቃል። ሞተርም እንደዚያው ነው። ያገለገለ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በምርመራ ጣቢያ ይታይ፤ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ከመዝገብ ይጣራ፤ ሻጩ በወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ራሱ መሆኑ በመታወቂያው ይረጋገጥ፤ የባለቤትነት ዝውውሩ በዚያው ቀን ይፈጸም። አዲስ ከሆነ የዋስትናው ዘመንና ምን እንደማይሸፍን በጽሑፍ ይሰጠን። በሁለቱም ላይ የአንድ ዓመት ወጪ በወረቀት ላይ ተደምሮ ከልጁ የተጣራ ገቢ ጋር ይነጻጸር።

ይህን ወረቀት ልጁ ራሱ ይጻፈው። ጽፎ፣ ደምሮ፣ ከገቢው ተርፎት ካሳየን ልጃችን አድጓል፤ በጥንቃቄ እንዲነዳ መርቀን እንልቀቀው። መጻፉ ከከበደው ወይም ድምሩ ካስደነገጠው፣ ያለ ጭቅጭቅ መልሱን ራሱ አግኝቶታል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚለው የአባቶቻችን ቃል የተነገረው ለዚህ ነው፤ መመጠኑ ከግዢው በፊት ይሁን።